የራግቢ ሊግ ቡድን ከፕሌይ ኦፍ በፊት ለምን ይዋዥቃል? የሊድስ ራይኖስን 2015 ይዘን እንየው

ኦገስት 29 ቀን 2015 የእንግሊዙ የራግቢ ሊግ ክለብ ሊድስ ራይኖስ በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ሃል ኪንግስተን ሮቨርስን 50 ለ 0 ረትቶ ከሊጉ ውጪ የሚካሄደውን የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ የቻሌንጅ ካፕ ዋንጫን አነሳ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዋንጫው የፍጻሜ ጨዋታዎች ታሪክ ከዚያ በፊት በዚህን ያህል ልዩነት ያሸነፈ ቡድን አልነበረም። የክንፍ ተጫዋቹ ቶም ብሪስኮ ብቻውን አምስት ትራይ (ኳሷን ከተጋጣሚ መስመር ማዶ መሬት ማስነካት) አስቆጠረ፤ ይህም ሌላ ክብረ ወሰን ነው። በሊጉም ቢሆን መደበኛውን 23 ዙር በአንደኝነት የጨረሰው ሊድስ ነበር።

ሴፕቴምበር ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። ዋንጫ ይዞ የተመለሰው ቡድን በሊጉ ይሸነፍ ጀመር። መሪነቱ ተሸርሽሮ በመጨረሻው ሳምንት ከተፎካካሪው ክለብ ከዊጋን ጋር በነጥብ እኩል ሆነ። ሻምፒዮኑ የሚለይበት ፕሌይ ኦፍ በር ላይ ደርሶ ነበርና የደጋፊው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ቡድናችን ምን ሆነ?

ጥያቄው በየዓመቱ፣ በእንግሊዝም በአውስትራሊያም፣ ስለ አንድ ወይም ስለ ሌላ ክለብ ይነሳል። መልሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ "ተጫዋቾቹ ጠገቡ" ወይም "አሰልጣኙ አለቀበት" በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይታሰራል። እኔ እንደማየው በስፖርቱ ውስጥ በጣም በስህተት ከሚነበቡት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ከጨዋታው አሠራር እንጀምር።

ራግቢ ሊግ እንዴት ነው የሚጫወተው?

በአንድ ወገን 13 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ በ2015 አራት ደግሞ በተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር። ጨዋታው ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ሞላላዋን ኳስ በእጅ ይዞ መሮጥ ይቻላል፤ በእጅ ማቀበል የሚቻለው ግን ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው። ወደፊት ለመላክ በእግር መምታት ግድ ይላል።

የጨዋታው ልብ ስድስቱ ታክል ነው። ኳስ የያዘው ተጫዋች በተከላካዮች ተይዞ ሲቆም ወይም ሲወድቅ አንድ ታክል ተቆጠረ። ተነስቶ ኳሷን በእግሩ ወደ ኋላ ያንከባልላል፣ ጓደኛው ያነሳታል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። አንድ ቡድን ይህን ስድስት ጊዜ ብቻ ማድረግ ይችላል፤ ከስድስተኛው በኋላ ኳሷ የተጋጣሚ ናት። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ታክል ከሄዱ በኋላ ኳሷን በእግር መትተው ተጋጣሚ ሜዳ ጥግ ላይ ይጥሏታል።

ከእያንዳንዱ ታክል በኋላ ተከላካዩ ቡድን 10 ሜትር ወደ ኋላ መመለስ አለበት። መያዝ፣ መጣል፣ መነሳት፣ 10 ሜትር ማፈግፈግ፣ ተመልሶ ወደፊት መሮጥ፣ እንደገና መያዝ። በመሀል ሜዳ የሚሰለፍ አንድ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ከ40 ጊዜ በላይ ሰው ሊይዝ ይችላል። ወደ በኋላ ስለ ድካም ስናወራ ይህን እናስታውስ።

ነጥቡን በተመለከተ፣ ኳሷን ከተጋጣሚ መስመር ማዶ መሬት ማስነካት ትራይ ይባላል፤ አራት ነጥብ ነው። ከትራይ በኋላ የሚመታው ኮንቨርሽን ሁለት፣ የቅጣት ምት ሁለት፣ በጨዋታ መሀል ኳሷን መሬት አንጥሮ በምሰሶዎቹ መካከል ማሳለፍ ደግሞ አንድ ነጥብ ያስገኛል።

አንደኛ የወጣ ቡድን ለምን ሻምፒዮን አይባልም?

የእግር ኳስ ፕሪሚየር ሊግ ለለመደ ሰው መጀመሪያ ግራ የሚያጋባው ይህ ነው። በእግር ኳሱ ዓመቱን ሙሉ ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ዋንጫውን ይወስዳል። በእንግሊዙ የራግቢ ሊግ ሱፐር ሊግ ግን ከ1998 ጀምሮ ሻምፒዮኑ የሚለየው ግራንድ ፋይናል በሚባለው አንድ የፍጻሜ ጨዋታ ነው። ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ ሁሉ በስም በሚያውቀው ኦልድ ትራፎርድ ነው።

የእኛ ተማሪዎች ነገሩን ቶሎ ይረዱታል። ዓመቱን ሙሉ ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ልጅ ሰርተፍኬቱ ላይ አንደኝነቱ ይጻፍለታል፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ግን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ሱፐር ሊግም ሰንጠረዡን በአንደኝነት ለጨረሰ ክለብ የሊግ መሪዎች ጋሻ የተባለ ሽልማት ይሰጣል፤ ክብር ያለው ነው። ዋናው ዋንጫ ግን ከፍተኛውን ደረጃ የያዙት ቡድኖች ብቻ በሚገቡበት በፕሌይ ኦፍ፣ ማለትም ተሸናፊው በሚሰናበትበት የጥሎ ማለፍ ውድድር ይወሰናል።

በ2015 አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ 12 ክለቦች 23 ዙር ይጫወታሉ፤ ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ተለይተው እርስ በርስ ሰባት ተጨማሪ ጨዋታ ያደርጋሉ፤ ከስምንቱ አራቱ ወደ ግማሽ ፍጻሜ ያልፋሉ። የሴፕቴምበር አቋም ያን ያህል ያስጨነቀው ለዚህ ነው። ፈተናው ኦክቶበር ላይ ነው።

የአቋም መዋዠቅ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሁለት ነገሮች በአንድ ቃል ይጠራሉ። አንደኛው የውጤት መዋዠቅ ነው፤ ያሸንፍ የነበረ ቡድን ተሸነፈ። ሁለተኛው የአጨዋወት መዋዠቅ ነው፤ ቡድኑ ኳስ ይጥላል፣ ይቀጣል፣ ሰው ሳይይዝ ያሳልፋል። ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በጥሩ ሁኔታ ተጫውቶ በአንድ ምት የተሸነፈ ቡድን ውጤቱ ወረደ እንጂ አቋሙ አልወረደም። በተቃራኒው ደካማ ጨዋታ እያሳየ በሁለት ነጥብ እየነጠቀ የሚወጣ ቡድን ችግሩ ገና አልታየም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ማንም ሊክደው የማይችል የዕድል ድርሻ አለ። ሞላላ ኳስ መሬት ነክታ ወዴት እንደምትነጥር የሚያውቅ የለም። ለሳምንታት በጠባብ ልዩነት ሲያሸንፍ የቆየ ቡድን ከዚያ ውስጥ የተወሰነውን ያሸነፈው ኳሷ ወደ እሱ ስለነጠረች ነው፤ አንድ ወር ወደ ሌላው ወገን ብትነጥር ምንም ሳይለወጥ "ወርዷል" ይባላል።

የተጋጣሚም ጉዳይ አለ። በ2015ቱ አሠራር ከ23ኛው ዙር በኋላ የቀሩት ጨዋታዎች በሙሉ ከስምንቱ ምርጦች ጋር ነበሩ። በሰንጠረዡ ግርጌ ያሉት ሄደዋል። እኩል የሚጫወት ቡድን እንኳ በእነዚያ ሳምንታት ከቀደመው የበለጠ መሸነፉ የሚጠበቅ ነው። ሰንጠረዡን ብቻ የሚያነብ ሰው ግን የሚያየው ሽንፈቱን ብቻ ነው።

በሜዳ ላይ እንዴት ይጀምራል?

የዕድሉንና የተጋጣሚውን ከለየን በኋላ የሚቀረው እውነተኛው መዋዠቅ ነው። እሱ ደግሞ በራግቢ ሊግ የራሱ መንገድ አለው፤ ሳላሳጥር ልሂድበት።

ቡድኑ ኳስ ይዟል እንበል፤ ሁለተኛው ታክል ላይ ተጫዋቹ ኳሷን ከእጁ ይጥላል። ከፊቱ ገና አራት ታክል ነበረው፤ አራቱም ተቃጠሉ። ከዚህ የከፋው ግን ኳሷ የወደቀችበት ቦታ ነው። ስድስቱን ታክል ጨርሶ ኳሷን በእግር ልኮ ቢሆን ተጋጣሚ የሚጀምረው ከራሱ መስመር ሥር ነበር። አሁን ግን ከመሀል ሜዳ ወይም ከዚያም ቅርብ ይጀምራል፤ አዲስ ስድስት ታክልም አለው።

ስለዚህ የጣለው ቡድን ያልታሰበ ስድስት ታክል ይከላከላል። በእያንዳንዱ ታክል ሁለት ሦስት ሰው ይረባረባል፤ ሁሉም 10 ሜትር ያፈገፍጋሉ። ይህ በአንድ ግማሽ ሦስትና አራት ጊዜ ከተደጋገመ በመሀል ያሉት ግዙፎቹ ተጫዋቾቹ መተንፈስ ያቅታቸዋል። የደከመ ተከላካይ የያዘውን ሰው ቶሎ አይለቅም፤ መሬት ላይ ተኝቶበት ጊዜ ለመግዛት ይሞክራል። በ2015ቱ ሕግ ዳኛው ያፏጫል፤ ቅጣት። ተጋጣሚ ኳሷን ወደ ፊት መትቶ ከሜዳ ያስወጣታል፣ ሠላሳና አርባ ሜትር ይጠጋል፣ እንደገና ስድስት ታክል ያገኛል።

ከዚያ ትራይ ይገባል። ተመልካቹ የሚያየው ትራዩን ነው፤ "መከላከያቸው ፈረሰ" ይላል። መከላከያው ግን የፈረሰው ከአሥር ደቂቃ በፊት ሌላው የሜዳ ጫፍ ላይ ኳስ ሲጥል ነው። አሰልጣኞች ከውጤቱ በፊት "ስንት ጊዜ ስድስቱን ጨረስን?" ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ኳስ ሳይጥል ስድስቱን የሚጨርስ ቡድን ተጋጣሚውን ያደክማል፤ የሚጥል ቡድን ራሱን ያደክማል።

ይህ ሰንሰለት በሚቀጥለው ጨዋታም ይቀጥላል። በሳምንት አንዴ በሚደረግ ጨዋታ 50 ታክል ያደረገ ሰው በሰባት ቀን ውስጥ ሙሉ በሙሉ አያገግምም። ደክሞ ይገባል፣ ኳስ ይጥላል፣ ስለጣለ የበለጠ ይከላከላል፣ የበለጠ ይደክማል።

ታዲያ ለምን ልክ በዚህ ሰዓት?

ትልቁ ምክንያት የተጠራቀመ ጨዋታ ነው። በ2015 ሊድስ 30 የሊግ ጨዋታዎች ነበሩት፤ የቻሌንጅ ካፕ ጨዋታዎች ከዚያ በላይ ናቸው። በዋንጫው እስከ ፍጻሜ የሄደ ቡድን ቀድሞ የወደቁት ተጋጣሚዎቹ ቤታቸው ባረፉበት ሳምንት ይጫወታል። ያውም የሊድስ መሀል ሜዳ በዕድሜ የገፋ ነበር፤ ጄሚ ፒኮክና ካይሊ ሌሉዋይ ሁለቱም 37 ዓመታቸው ነበር፤ አምበሉ ኬቪን ሲንፊልድ በዚያው ሴፕቴምበር 35 ደፈነ። ሦስቱም ዓመቱ ሲያልቅ ክለቡን እንደሚለቁ ታውቋል።

ሌላው ስሜት ነው። ቡድን ለአንድ ቀን ሲዘጋጅ ቆይቶ ያ ቀን ሲያልፍ መላላት ይመጣል። ዌምብሌይ ላይ 50 ለ 0 ያሸነፈ ሰው ከቀናት በኋላ ወደ ተራ የሊግ ጨዋታ ሲመለስ በዚያው ግለት አይገባም። ይህን ስንፍና ብዬ አልጠራውም፤ ሰው በየሳምንቱ የሕይወቱን ትልቅ ጨዋታ ሊጫወት አይችልም።

ጉዳትም አለ፤ ነገር ግን ስንት ሰው ተጎዳ ከሚለው ይልቅ ማን ተጎዳ የሚለው ይበልጣል። የራግቢ ሊግ ሰዎች ፉልባኩን፣ ሁለቱን ሃፍባኮችና ሁከሩን በአንድ ላይ የቡድኑ አከርካሪ ይሏቸዋል። ሁከሩ ከእያንዳንዱ ታክል በኋላ ኳሷን ከመሬት የሚያነሳው ነው፤ ሃፍባኮቹ የት እንደምትሄድ ይወስናሉ፤ ፉልባኩ ከኋላ መጥቶ ጥቃቱን ይጨርሳል። አራቱ ሳይተያዩ የሚግባቡት ለወራት አብረው ስለተጫወቱ ነው። ከእነሱ አንዱ ሲወጣ ሦስቱም እንደ አዲስ መለማመድ አለባቸው። ሁለት የክንፍ ተጫዋቾች ቢጎዱ ያን ያህል ላይታወቅ ይችላል።

አሰልጣኙ ሆን ብሎ ተጫዋቾችን የሚያሳርፍበትም ጊዜ አለ። ቡድኑ ፕሌይ ኦፍ መግባቱን ካረጋገጠ የተነካካ ተጫዋችን ለማይጠቅም ጨዋታ ማስገባት አደጋ ነው። በዚህ ምክንያት የመጣ ሽንፈት በሰንጠረዡ ላይ ከሌላው ሽንፈት አይለይም።

በአውስትራሊያው የራግቢ ሊግ ውድድር በኤንአርኤል ደግሞ ስቴት ኦፍ ኦሪጅን የሚባል የራሱ ምክንያት አለ። በየዓመቱ በውድድሩ አጋማሽ የኩዊንስላንድና የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛቶች ምርጦች ሦስት ጊዜ ይጋጠማሉ። ጠንካራ ክለብ ብዙ ተጫዋቾቹን ለዚያ ይሰጣል፤ ተሰባብረው ይመለሳሉ። ጥሩ በመሆኑ ምክንያት የሚዋዥቅ ክለብ አለ ማለት ነው።

የሊድስ የትኛው ዓይነት ነበር?

የተቀላቀለ ነበር፤ ድካም፣ ከዋንጫ በኋላ የሚመጣ መላላት፣ ጠንካራ ተጋጣሚ። ሴፕቴምበር 25 ቀን ሊድስ ለመጨረሻው የሊግ ጨዋታ ወደ ሃደርስፊልድ ሄደ። ሁኔታው ግልጽ ነበር፦ ዊጋን በዚያው ምሽት በሌላ ሜዳ እያሸነፈ ስለሆነ ሊድስ ካላሸነፈ ጋሻው የዊጋን ነው። አቻ አይበቃም። ጋሻውን የያዘው ሄሊኮፕተር የሁለቱን ሜዳ ውጤት ይጠብቅ ነበር።

ሰዓቱ ሲያልቅ ውጤቱ 16 ለ 16 ነው። በራግቢ ሊግ የማብቂያው ድምፅ ቢሰማም በመካሄድ ላይ ያለው ጨዋታ ወዲያው አይቆምም፤ ኳሷ ተይዛ እስክትቆም ወይም ከሜዳ እስክትወጣ ይቀጥላል። በዚያች ቅንጣት ጊዜ ዳኒ ማክጓየር ኳሷን በእግሩ ወደፊት ላካት። ክንፈኛው ራያን ሆል ደረሰባት፣ አነሳት፣ ማንም ሳይደርስበት መስመሩን አለፈ። 20 ለ 16። ሊድስና ዊጋን በ41 ነጥብ እኩል ጨረሱ፤ በዓመቱ ጨዋታዎች ባስቆጠረውና በተቆጠረበት ነጥብ ልዩነት ግን ጋሻው የሊድስ ሆነ።

ልብ በሉ፦ ኳሷ በሌላ አቅጣጫ ብትነጥር ኖሮ "ሊድስ ወድቋል" የሚለው ወሬ በጸና ነበር። የቡድኑ አቅም ግን በሁለቱም ሁኔታ ያው ነው።

ከሳምንት በኋላ በራሳቸው ሜዳ በሄዲንግሊ ሴንት ሄለንስን 20 ለ 13 አሸነፉ። ኦክቶበር 10 ቀን በኦልድ ትራፎርድ 73,512 ተመልካች ፊት ዊጋንን 22 ለ 20 ረቱ። ሻምፒዮንነቱን የወሰነውን ትራይ ያስቆጠረው ገና ብዙም ያልታወቀው ወጣቱ ጆሽ ዋልተርስ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የማሸነፊያዋን ኮንቨርሽን የመታው ለክለቡ የመጨረሻውን ጨዋታ የሚያደርገው ሲንፊልድ ነበር። በአንድ ዓመት ሦስቱም ክብሮች፤ በዚያ መሀል ግን አንድ ሙሉ የጭንቀት ወር።

ከመዋዠቅ ተነስቶ ሩቅ መሄድ የተለመደ ነው?

ከሚታሰበው በላይ ይከሰታል። ያው ሊድስ በ2011 የቻሌንጅ ካፕ ፍጻሜን በዊጋን 28 ለ 18 ተሸንፎ ሊጉን አምስተኛ ሆኖ ጨርሶ ነበር። በዚያን ጊዜ ሱፐር ሊግ አንድ እንግዳ ሕግ ነበረው፤ ከፍ ያለ ደረጃ ያለው አሸናፊ የግማሽ ፍጻሜ ተጋጣሚውን ራሱ ይመርጣል። አንደኛ የወጣው ዋሪንግተን አምስተኛውን ሊድስን መረጠ። ሊድስ በሲንፊልድ የመጨረሻ ደቂቃዎች ቅጣት ምት 26 ለ 24 አሸነፈ፤ ከዚያም በፍጻሜው ሴንት ሄለንስን 32 ለ 16። በ2012ም እንደገና አምስተኛ ሆነው፣ በፍጻሜው ያንኑ ዋሪንግተንን 26 ለ 18 አሸንፈው ዋንጫውን አስቀሩ። የዋሪንግተን ሰዎች ምርጫቸው ሞኝነት አልነበረም፤ የሰንጠረዡን ቁጥር አምነው ነው። ቁጥሩ የዓመቱን ድካም ይናገራል፤ ስለ አንድ ምሽት ግን የሚናገረው ጥቂት ነው።

በአውስትራሊያ በ2017 የኖርዝ ኩዊንስላንድ ካውቦይስ ታሪክ ከዚህም ይገርማል። ኮከባቸው ጆናታን ተርስተንና አጥቂው ማት ስኮት በጉዳት ወጥተው ነበር፤ አብዛኞቹን የመጨረሻ ሳምንታት በሽንፈት አሳልፈው በሌላ ቡድን መሸነፍ ምክንያት ብቻ በስምንተኝነት፣ ማለትም በመጨረሻዋ ቦታ ገቡ። ከዚያ ክሮኑላን በተጨማሪ ሰዓት 15 ለ 14፣ ፓራማታን 24 ለ 16፣ ሲድኒ ሩስተርስን 29 ለ 16 አሸንፈው ፍጻሜ ደረሱ። በፍጻሜው ሜልቦርን ስቶርም 34 ለ 6 አሸነፋቸው። ለመዋዠቃቸው ምክንያቱ የታወቀ ነበር፤ ከአከርካሪው ዋናው ሰው ተርስተን ወጥቶ ነበር። ሃፍባኩ ማይክል ሞርጋን ቡድኑን መምራት ሲለምድ ቡድኑ ተነሳ።

በዚያው በ2017 በእንግሊዝ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ካስልፎርድ ታይገርስ ዓመቱን ሙሉ ሳይዋዥቅ ከተከታዩ በ10 ነጥብ ርቆ አንደኛ ወጣ። በግማሽ ፍጻሜው ሴንት ሄለንስን 23 ለ 22 ያለፈው ግን በተጨማሪ ሰዓት፣ ከትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ገና በቅርቡ በተነሳው በሉክ ጌል አንድ ነጥብ ነው። ከፍጻሜው ጥቂት ቀናት በፊት ፉልባኩ ዛክ ሃርዴከር ከቡድኑ ውጪ ተደረገ፤ በምርመራ ኮኬይን ስለተገኘበት ነው። በኦልድ ትራፎርድ ካስልፎርድ በሊድስ 24 ለ 6 ተሸነፈ። ወሩን ሙሉ ጥሩ አቋም ላይ የነበረ ቡድን በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአከርካሪው አንዱን አጣ።

እዚህ ላይ ግን አንባቢ እንዳይሳሳት። እነዚህን የምናስታውሳቸው ስለተነሱ ነው። ከፕሌይ ኦፍ በፊት ተዋዥቀው በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፈው ወደ ቤታቸው የሄዱት ይበዛሉ፤ ማንም አይተርክላቸውም። ስለዚህ "መዋዠቅ ጥሩ ምልክት ነው" የሚል መደምደሚያ ከዚህ አይወጣም።

መዋዠቅና እውነተኛ መውደቅ በምን ይለያሉ?

ይህንንም ያሳየን ሊድስ ነው። ዋንጫዎቹን ባነሳ በወራት ውስጥ፣ ዲሴምበር 26 ቀን 2015፣ ኤር የተባለው ወንዝ ሞልቶ ከርክስታል ያለውን የልምምድ ማዕከሉን አጥለቀለቀው። ሲንፊልድ፣ ፒኮክና ሌሉዋይ ሄደዋል። ጉዳት ተደራረበ። በ2016 ሻምፒዮኑ ከ23 ዙር በኋላ ዘጠነኛ ሆኖ በሊጉ ለመቆየት በሚደረገው ውድድር ውስጥ ገባ።

ልዩነቱ ምክንያቱ ላይ ነው። በሴፕቴምበር 2015 ቡድኑን የያዙት ነገሮች በዕረፍትና በጊዜ የሚያልፉ ነበሩ፤ ሰዎቹ እዚያው ነበሩ፣ የሚጫወቱበት መንገድ አልተለወጠም። በ2016 ግን ቡድኑን የሚሸከሙት ሰዎች ራሳቸው ሄደው ነበር፤ የሚለማመድበት ቦታም አልነበረውም። ያንን ሁለት ሳምንት ዕረፍት አይጠግነውም። ክለቡ ያኔ አሰልጣኙን ብራያን ማክደርሞትን አላሰናበተም፤ በ2017 ካስልፎርድን ያሸነፈው ሊድስ በእሱ ሥር የነበረ ነው። ይህ ውሳኔ በስፖርቱ ውስጥ ካየኋቸው አስተዋይ ውሳኔዎች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ ባለው አሠራር መዋዠቅ ምን ያስከፍላል?

በ2021 በተጀመረው አሠራር ስድስት ቡድኖች ወደ ፕሌይ ኦፍ ይገባሉ። አንደኛና ሁለተኛ በቀጥታ ግማሽ ፍጻሜ ይገባሉ፤ ሦስተኛው ከስድስተኛው፣ አራተኛው ከአምስተኛው ይጋጠማሉ። ስለዚህ የመጨረሻ ሳምንታት ሽንፈት ትልቁ ዋጋ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ መንሸራተት ነው፤ የአንድ ሳምንት ዕረፍት ይጠፋል፣ ዋንጫው ላይ ለመድረስ የሚያስፈልገው ጨዋታም ከሁለት ወደ ሦስት ይጨምራል። ደክሞ ለተዋዠቀ ቡድን ያ ሳምንት ከማንኛውም ልምምድ ይበልጥ ነበር። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ መውረድ ግን የሚያስከፍለው በጣም ያነሰ ነው፤ ሁለቱም የመጀመሪያውን ጨዋታ በሜዳቸው ያደርጋሉ። መንገዱ ከታች ሲጀምሩ ይረዝማል እንጂ አይዘጋም፤ በ2022 ሊድስ ከአምስተኝነት ተነስቶ ካታላንስንና ዊጋንን በሜዳቸው አሸንፎ ፍጻሜ ደርሷል፤ በሴንት ሄለንስ 24 ለ 12 ተሸነፈ።

የተዋዠቀ ቡድን ፕሌይ ኦፍ ሲገባ ምን ልመልከት?

የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች፣ ውጤቱን ትቶ። ኳስ ሲይዙ ስድስቱን ታክል ይጨርሳሉ? የመጨረሻው ምት ተጋጣሚን ከራሱ መስመር ሥር እንዲጀምር ያደርጋል? ተከላካዮቹ 10 ሜትሯን ተመልሰው አብረው በአንድ መስመር ወደፊት ይወጣሉ ወይስ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ክፍተት ይፈጠራል? የመጀመሪያዎቹ ተቀያሪዎች ሲገቡ ፍጥነቱ ይጨምራል ወይስ ይወርዳል? ሁከሩ ከመሬት ያነሳት ኳስ ሃፍባኩ እጅ ላይ ሲሮጥ ይደርሰዋል ወይስ ቆሞ ይጠብቃታል? እነዚህ ደህና ከሆኑ 8 ለ 0 እየተመራ ያለ ቡድንም ጨዋታው ውስጥ ነው። ሁለተኛው ታክል ላይ ኳስ መጣል ከጀመረ ደግሞ እየመራ ቢሆን እንኳ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ያለውን መጠበቅ ነው።